የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ባሌስትራ ለውድድር እንዴት ይቀየራል?

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ገዝቶ ለድንጋይና ለገደል ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሳንቲ ላስነሳው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «መኪናዬ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» የሚለው ነው። ባሌስትራ የሚመረጠው በክብደት ነው፤ ከፍታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በውድድር ላይ የባሌስትራ ዋና ሥራ ጎማውን መሬት ማስያዝ ስለሆነ፣ ከሚገባው በላይ የጠነከረ ባሌስትራ ያለበት መኪና ጉድጓድ ሲገባ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሞተሩም ጉልበት ባዶውን በሚሽከረከረው ጎማ በኩል ያልቃል። ቁመናው ያማረ፣ መውጣት ግን የማይችል መኪና የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መመሪያ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ላላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት ለተሠሩት ከባዶቹ ላንድ ክሩዘር 75ቶች የተዘጋጀ ነው። ከ1999 ወዲህ የተሠሩት 78 እና 79 ከፊት ሞላ ስላላቸው የሚሠራላቸው የኋላው ክፍል ብቻ ነው። ሌላ ባለ ባሌስትራ መኪና ያለዎትም ቅደም ተከተሉን ይጠቀሙበት፤ የብሎኖቹን ልክና ጥብቀት ግን ከራሱ ከመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች፦ አንድ ጠንካራ የወለል ክሪክና ሁለተኛ ትንሽ ክሪክ፣ ቢያንስ አራት የብረት መደገፊያ፣ ታኮ፣ ሙሉ የቡሶላ ስብስብ ከረዥም እጀታ ጋር፣ ቶርክ ሬንች የሚባለው የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ፣ ትልቅ መዶሻ፣ ረዥም የብረት ዘንግ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ግራይንደር፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ጠመኔና የማዕዘን መለኪያ። ቦታው ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ይሁን። አፈር ላይ የቆመ መደገፊያ መኪናው ሲነቀነቅ ይሰምጣል።

1. ምንም ሳይፈቱ ይለኩ

መኪናውን ለውድድር በሚወጣበት ሁኔታ ያዘጋጁት፤ ነዳጅ ይሙሉ፣ ትርፍ ጎማውን፣ ዊንቹን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ ውኃውን ይጫኑ። ከዚያ የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት ሚዛን ይውሰዱትና መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ አቁመው ያስመዝኑ። የሚያስፈልግዎ ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የብረት መከላከያ፣ ዊንችና ሁለተኛ ባትሪ የተጨመረበት መኪና በፊት አክስሉ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ትርፍ መሸከሙ የተለመደ ነው። ኋላው ደግሞ በተቃራኒው ወንበርና ዕቃ ስለተነሳለት ከፋብሪካ ሲወጣ ከታሰበለት ጭነት እጅግ ያነሰ ይሸከማል። ለፊቱም ለኋላውም «ጠንካራ» የተባለውን ባሌስትራ መግዛት ትልቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመቀጠል ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት፤ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለክተው ይጻፉ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማ አየር ልዩነት ልኬቱን ያዛባዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ምክንያቱን አሁኑኑ ይፈልጉ፤ የተሰበረ ቅጠል ወይም የተጣመመ ሻንሲ ካለ አዲስ ባሌስትራ አያድነውም።

አንድ ነገር ደግሞ ጎንበስ ብለው ይዩ። በባሌስትራው ቅጠሎች መካከል ቀይ የዝገት ዱቄት በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ቀጭን መስመር ወጥቶ ከሆነ እዚያ ላይ ስንጥቅ ይኑር አይኑር በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይመርምሩ። በላይኛው ቅጠል ጫፍ አካባቢ ደግሞ ብረቱ እንደ መስተዋት አብረቅርቆ፣ ከስሩ ያለው ቅጠል ጫፍ ጉድጓድ አውጥቶበት ሊያገኙት ይችላሉ። ያ ቅጠል ዕድሜው አልቋል፤ አስቀጥቅጠው ቢያስነሱትም በመጀመሪያው ከባድ መሬት ላይ ከዚያው ቦታ ይሰበራል።

2. ባሌስትራውን ይምረጡ

ገንዘብዎ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው፤ አይቸኩሉ።

የባሌስትራ ከፍታና ጥንካሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከፍታ የሚመጣው ከቅስቱ ነው፤ ጥንካሬ የሚመጣው ከቅጠሎቹ ውፍረት፣ ብዛት፣ ስፋትና ርዝመት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ጉልበተኛው ውፍረት ነው፤ ጥንካሬው በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ይጨምራል። 7 ሚሊ ሜትር የነበረው ቅጠል 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያየውም፣ ጥንካሬው ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል። እኩል ርዝመትና ስፋት ያላቸው አምስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቅጠሎች ከአሥር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቅጠሎች ይበልጥ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ ቅጠሉ ብዙ ነው፣ ጠንካራ ነው» ሲልዎት ካሊፐርዎን አውጥተው ውፍረቱን ይለኩ።

ለውድድር የሚሻለው ቀጭንና ብዙ ቅጠል ያለው ረዥም ባሌስትራ ነው። ቀጭን ቅጠል በአንድ መጠን ሲታጠፍ በውስጡ የሚፈጠረው ውጥረት አነስተኛ ስለሆነ፣ ጎማው በጣም ሲወርድና ሲወጣ ሳይሰበር አብሮ ይሄዳል። ወፍራምና ጥቂት ቅጠል ያለው ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ መኪና ነው የሚስማማው።

ሻጩን ወይም አምራቹን ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ባሌስትራው ለስንት ኪሎ ቋሚ ጭነት ነው የተሠራው? በሚዛኑ ካገኙት ቁጥር ጋር ያመሳክሩት። የዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ባሌስትራ አይግዙ። ሁለተኛ፣ በጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ቀለበት ሁለተኛው ቅጠል አቅፎታል ወይ? ካቀፈው ዋናው ቅጠል ቢሰበር እንኳን አክስሉ ቦታውን ለቆ አይሄድም፤ ገደል አፋፍ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሦስተኛ፣ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው ወይ? ብዙ አምራቾች የሾፌሩንና የነዳጅ ጋኑን ክብደት አስበው አንዱን ጎን በትንሹ ከፍ አድርገው ይሠራሉ። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ወጥመድ አለ፤ ኦልድ ማን ኢሙን የመሰሉ የታወቁ ባሌስትራዎች የአውስትራሊያ ስለሆኑ፣ በዚያ አገር ደግሞ መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ «የሾፌር ጎን» የሚለው ምልክት ቀኙን ሊያመለክት ይችላል። የኛ መሪ በግራ ነው። ምልክቱን ሳይሆን መኪናዎ በየትኛው ጎን እንደሚከብድ ይከተሉ።

ከፍታውን በተመለከተ የኔ ምክር ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ ሲኬድ የፍሬን ቱቦው፣ ዘንጉ፣ መሪው፣ አሞርዛተሩ ሁሉም አብረው መቀየር ይፈልጋሉ፤ መኪናው በጎን ዳገት ላይ የመገልበጥ ዝንባሌውም ይጨምራል።

ሦስት አቋራጮችን ይተዉ። አሮጌውን ባሌስትራ በእሳት አሙቆ ማስነሳት የብረቱን ጥንካሬ ይገድላል። ሻክሉን፣ ማለትም የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ተወዛዋዥ ማያያዣ፣ ብቻ ማስረዘም፣ በኋላ እንደምናየው፣ የፊት አክስሉን ያዞረዋል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ወፍራም የብረት ብሎክ መክተት ደግሞ ባሌስትራውን እንዲጠማዘዝ የሚያደርግ ክንድ ይፈጥርበታል፤ በፊት አክስል ላይ በምንም ምክንያት አይሞከርም።

መኪናዎ ከፊት ሞላ ያለው ከሆነም መርሁ ይኸው ነው፤ እዚያ የሚለካው የሽቦው ውፍረት ሲሆን ጥንካሬው በአራተኛ ኃይል ይጨምራል። ከ16 ወደ 17 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻውን ከሩብ በላይ ያጠነክረዋል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚወዳደሩበትን ምድብ ደንብ ያንብቡ። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን በሚመራቸው የረዥም ርቀት ውድድሮች ቲ2 የተባለው ምድብ እንደ ፋብሪካው ላሉ መኪናዎች የተተወ ስለሆነ የሚፈቀደው ለውጥ ውስን ነው። የየአገሩ ክለብም የራሱ ገደብ ይኖረዋል።

3. አብረው የሚቀየሩትን ያሟሉ

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸውን ብሎኖች አዲስ ይግዙ፤ አንዴ የጠበቁ ብሎኖች ስለሚሳቡ ለሁለተኛ ጊዜ ጥብቀታቸውን አይዙም። አዳዲስ ጎሚኒዎች፣ ሻክሎች፣ የሻክል ብሎኖችና ዳዶዎች ይጨምሩ። አሞርዛተሮቹም ለአዲሱ ከፍታ የሚሆኑ ይሁኑ። አጭር አሞርዛተር ጎማው ሲወርድ እሱ ራሱ ማቆሚያ ይሆንና ይበጠሳል፤ ረዥሙ ደግሞ ጎማው ሲወጣ ከታች መትቶ ይፈነዳል።

4. መኪናውን አንስተው ይደግፉ

ከኋላ ይጀምሩ። መሪ ስለሌለበት ይቀላል፤ የመኪናዎንም የዝገት ባሕርይ እዚያ ይማሩበታል። ከሥራው አንድ ቀን ቀደም ብለው ሁሉንም ብሎኖች በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ማላቀቂያ ዘይት ያጠጧቸው።

በፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይሸጉጡ። የኋላውን በክሪክ ያንሱና መደገፊያዎቹን ከሻንሲው ስር፣ ከባሌስትራው ማሰሪያ ፊት ለፊት ያቁሙ። መኪናውን በመደገፊያው ላይ ካሳረፉ በኋላ በእጅዎ ገፍተው ይፈትሹት፤ ከተነቃነቀ አውርደው እንደገና ያስተካክሉት። ጎማዎቹን ፈትተው ከሻንሲው ስር ያጋድሟቸው። መደገፊያው ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ እንጂ ሰው ላይ አይሆንም። አክስሉን በሁለተኛው ክሪክ ከመሃል ሳይሆን ከሚሠሩበት ጎን ደግፈው ይያዙ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ስር ማንም አይግባ።

5. አሮጌውን ያውርዱ

አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ። ሁለቱን ጎን በአንዴ ከፈቱ አክስሉ የሚይዘው ነገር አጥቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ መልሶ ቦታው ማስገባቱም ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አሞርዛተሩን ከታች ይፍቱ። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ዓይንዎ እዚያው ላይ ይሁን። የዩ ብሎኖቹን ዳዶዎች ይፍቱ፤ እምቢ ካሉ በግራይንደር ይቁረጧቸው፤ አዲስ ስለሚገባ አያሳስብም። በእሳት ማሞቅ ግን አልመክርም፤ የነዳጅ ጋኑም የፍሬን መስመሩም ቅርብ ነው። ከዚያ የሻክሉን ብሎኖች፣ መጨረሻ ላይ ቋሚውን ጫፍ ያውጡ። ቋሚው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከጎሚኒው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይጠብቅዎታል። ዳዶውን በጫፉ መልሰው ይግጠሙና መዶሻውን በእሱ ላይ ያሳርፉ፤ የብሎኑ ጥርስ አይበላሽም። ባሌስትራው ሲለቀቅ ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ያዙት።

የወጣውን ባሌስትራ ከአዲሱ ጎን አጋድመው የቀለበቶቹን ርቀትና የመሃል ብሎኑን ቦታ ያስተያዩ። በብዙ ባሌስትራ የመሃል ብሎኑ ትክክለኛ መሃል ላይ አይደለም፤ አንዱ ጎን ይረዝማል። ረዥሙ ጎን ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ተገልብጦ ከገባ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፤ ጎማውም ከፓራፋንጎው መሃል ይወጣል።

6. አዲሱን ይግጠሙ

በሻንሲው ላይ ያለውን የማሰሪያ ቦታ ጠርገው ስንጥቅ ካለ ይዩ። የላስቲክ ጎሚኒን በግራሶ አይቀቡ፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ጎሚኒ ከሆነ ግን አብሮት የሚመጣውን የሲሊኮን ቅባት በደንብ ይቀቡት፤ ያለዚያ ሲጮህ ይኖራል።

መጀመሪያ ቋሚውን ጫፍ፣ ቀጥሎ ሻክሉን ያስገቡ፤ ሁሉንም ዳዶ በእጅ ብቻ ይያዙ። አሁን አክስሉን በክሪክ ቀስ አድርገው ወደ ባሌስትራው ያቅርቡ። የመሃል ብሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ወዳለው ክብ ቀዳዳ መግባት አለበት። ጣትዎን ሳያስገቡ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ራሱ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ባሌስትራው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ምንም ክፍተት አይታይም። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን በአንዱ በኩል ብርሃን ያልፋል። በዚህ ሁኔታ የዩ ብሎኖቹን ካጠበቁ የመሃል ብሎኑ ይጨፈለቃል፤ መኪናው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰያፍ መሄድ ይጀምራል። አክስሉን በብረት ዘንግ እየገፉ እስኪገባ ይታገሱ።

7. በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያጥብቁ

የዩ ብሎኖቹን አራት ዳዶዎች በሰያፍ፣ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ። የዩ ብሎኖቹ ከሚያልፉበት ሳህን በታች የሚወጣው ጥርስ በአራቱም እኩል መሆኑን ይዩ። የመጨረሻውን ጥብቀት መጽሐፉ በሚያዘው ቁጥር በቶርክ ሬንች ይጨርሱ።

የሻክሉንና የቋሚውን ጫፍ ብሎኖች ግን አሁን አያጥብቁ። ጎማውን ገጥመው፣ መኪናውን መሬት አውርደው፣ መከላከያው ላይ ቆመው ደጋግመው ካነጠሩት በኋላ ነው የሚጠብቁት። የላስቲክ ጎሚኒ በጠበቀበት ቦታ ይያዝና ከዚያ ወዲያ የሚንቀሳቀሰው በመጠማዘዝ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ገና ከጅምሩ ተጠማዝዞ ይቀመጣል፤ ቁመቱም የሐሰት ይሆናል፣ ጎሚኒውም በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር የሚያሠሩ ከሆነ አጠገቡ ቆመው ይዩት።

ከኋላው ሲጨርሱ ከ4 እስከ 7 ያለውን ለፊቱ ይድገሙ።

8. የተለወጠውን ማዕዘን ያስተካክሉ

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የለኩትን የአራቱን ማዕዘን ርቀት እንደገና ይለኩ። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ስለሚወርድ አሁን ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደንግጡ።

ካስተር፦ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ መሃል የሚመለሰው የፊት አክስሉ ጥቂት ወደ ኋላ ስላዘነበለ ነው። ሻክሉ ከባሌስትራው ፊት በሆነበት መኪና ላይ ረዥም ሻክል ሲገባ ይህ ዝንባሌ ይቀንሳል፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል። ሻክሉ ከኋላ ከሆነ በተቃራኒው ይጨምራል። በማዕዘን መለኪያ አረጋግጠው ማካካሻ ካስፈለገ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ቀጭን የብረት ሽብልቅ ይጠቀሙ። የአሉሚኒየም ሽብልቅ በውድድር ጫና ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። ሲያስገቡም የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አብሮ እንደሚዞር ያስታውሱ፤ ክሮቼራው ከመጠን በላይ እንዳይታጠፍ በእጅ እያዞሩ ይፈትሹ።

ፍሬን፦ ከኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ ካለ፣ መኪናው ሲነሳ ቫልቩ ጭነት የለም ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል። የዘንጉን መያዣ መኪናው በተነሳበት መጠን ከፍ ያድርጉት። የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማው እስከ መጨረሻው ወርዶም ሆነ መሪው እስከ ጥግ ታጥፎ የላላ ትርፍ ሊኖራቸው ይገባል። ቱቦ ከቀየሩ አየሩን ያስወጡ። የእጅ ፍሬኑን ገመድና የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦም አይርሱ።

9. ጎማውን እስከ ጥጉ ያስኬዱት

አንዱን የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ያውጡት፤ ሌላው ጎማ መሬት ለመልቀቅ እስኪቃረብ ድረስ። ሞተሩን ያጥፉ፣ ታኮ ይሸጉጡ፣ ከዚያ ከጎን ሆነው ይመርምሩ። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል? አሞርዛተሩ እስከ ታች ተዘግቷል? ከተዘጋ አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ የሚመክተውን ላስቲክ ያስረዝሙ፤ መጀመሪያ መምታት ያለበት ላስቲኩ ነው፣ አሞርዛተሩ አይደለም። ሻክሎቹንም ይዩ፤ በወጣው ጎማ በኩል ባሌስትራው ሲዘረጋ ስለሚረዝም ሻክሉ ወደ ውጭ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። በወረደው ጎማ በኩል ደግሞ ሻክሉ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ከቀረ ባሌስትራው ይቆለፋል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ተንሸራታች ክፍልም ከሚገባው በላይ አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ይህንኑ በአራቱም ማዕዘን ያድርጉት።

10. መልሰው ያጥብቁ

ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የዩ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች ይፈትሹ፤ ቀለምና ቆሻሻ ከመካከል ስለሚደቅ ሁልጊዜ ይላላሉ። በ500 ኪሎ ሜትር ይድገሙት፤ የጎማ ማስተካከያውንም ባሌስትራው ካረፈ በኋላ በዚያን ጊዜ ያሠሩ። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ከዳዶው ወደ ሳህኑ የሚያልፍ አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ፤ በውድድር መካከል ጎንበስ ብለው ሲያዩ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በመሣሪያ ሳጥንዎ ውስጥ ሁለት የመሃል ብሎን፣ አንድ ጥንድ የዩ ብሎን ከዳዶዎቹ ጋርና ቅጠሎቹን አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ ይያዙ። የመሃል ብሎን ሲበጠስ ቅጠሎቹን በመቆንጠጫው ሰብስቦ አዲሱን ማስገባት መስክ ላይም ይሠራል።